ማንም ያልታመመበት ወር

ሐጂ ኑሩ ያረፉ ዕለት ለእኔ የተሰጠኝ ሥራ እስኪነጋ መጠበቅ ነበር። እኛ ዘንድ ነግቷል፤ ድንኳኑ ተተክሏል፤ ሰዉ ከግቢው ተርፎ መንገዱን ሞልቶታል። መንጋት የቀረው ልጃቸው ዘሐራ ዘንድ ነው። ዘሐራ የምትኖረው ትሪኒዳድ በምትባል የካሪቢያን ደሴት ላይ ነው፤ ባሕር ዳር ምሳ ሲበላ እዚያ ገና ፀሐይ ትወጣለች። መርዶ በሌሊት እንደማይነገር ያስተማሩን ደግሞ ራሳቸው ሐጂ ናቸው። ስለዚህ ስልኬን ጨብጬ የሰው አገር ጎህ ስጠብቅ አረፈድኩ።

የፈራሁት እሷ ቀድማ እንዳትደውል ነበር። ሐጂ በየቀኑ ጎህ ሲቀድ ከሱብሒ ሶላት መልስ ይደውሉላታል። እሷ ዘንድ የመኝታ ሰዓት ስለሆነ፣ የልጅ ልጃቸውን ሐሊማን "ደህና እደሪ" ብለው ነው ቀናቸውን የሚጀምሩት። የዚያን ዕለት ግን ሱብሒ ሳይደርስ አረፉ። "አባቴ ለምን አልደወለም?" ብላ ብትጠይቀኝ ምን ልላት ነው? ስልኩ ግን ዝም አለ። እንቅልፍ ወስዷታል፣ ተመስገን አልኩ። እስኪነጋም እሳቸውን ሳስብ ቆየሁ።

እኔ የትኬት ቢሮ ሠራተኛ ነኝ። ከጅማ ለሥራ ወደ ባሕር ዳር ስመጣ የተከራየሁት አንድ ክፍል ሐጂ ግቢ ውስጥ ነበር፤ ለጊዜው ብዬ ገብቼ እዚያው ቀረሁ። ሐጂ ረጅም፣ ቀጭን፣ በእርጅና ትንሽ ጎበጥ ያሉ የይፋግ ሰው ነበሩ። ሐይቁ አጠገብ መረብ፣ ገመድና መንጠቆ የሚሸጡበት ሱቅ ነበራቸው፤ ከቁንዝላ በጀልባ የሚመጡ ዓሣ አስጋሪዎች ዕቃ ከመግዛታቸው በፊት ወሬ የሚያወሩበት ሱቅ ነው። ከባድ ነገር ሊናገሩ ሲሉ ነጭ ኮፍያቸውን በሁለት ጣት ወደ ግንባራቸው ይጎትቱታል። ኮፍያው ከወረደ ሰፈሩ ሁሉ ጸጥ ይላል።

የእድራችን ዳኛም ነበሩ። እድሩ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ያለበት ነው። ድንኳን ማስተከልና ሰው ማስተባበር ማንም ዳኛ የሚሠራው ሥራ ነው፤ እሳቸው የሚለዩት መርዶ በማርዳት ነበር። የማንም ሰው ልጅ፣ ባል፣ እናት ሩቅ አገር ሲሞት ወሬው መጀመሪያ የሚደርሰው እሳቸው ጋ ነው። "ሞት በር አያንኳኳም፤ እኛ ግን እናንኳኳለን" ይላሉ። ሥርዓታቸው አጭር ነበር፦ መጀመሪያ ወንበር፣ ቀጥሎ ውኃ፣ ቃል መጨረሻ።

ይህን በራሴ አይቼዋለሁ። እናቴ ጅማ ያረፈች ጊዜ ወንድሜ የደወለው ለእኔ ሳይሆን ለሐጂ ነው። ማታ ከሥራ ስገባ ግቢው ውስጥ አገኙኝ፤ እራት መብላቴን ጠየቁ፤ አልበላሁም ስል ከቤታቸው ሳህን ሙሉ ምግብ ላኩልኝ። የእድሩ አንድ አግዳሚ ወንበር በሬ አጠገብ ግድግዳው ላይ ተደግፎ ነበር።

"ሐጂ፣ ይሄ ምን ይሠራል እዚህ?"

"እግሩ ተናግቷል፣ ላበጀው ነው። ተኝ ልጄ፣ ደክሞሻል።"

ጎህ ሲቀድ በሩን ስከፍት አግዳሚው ተዘርግቷል። አንድ ጫፍ ላይ ሐጂ፣ ሌላው ጫፍ ላይ ጡረታ የወጡት ጎረቤታችን መምህር ፈንታ፣ ከእሳቸው ቀጥሎ ከፊት ለፊታችን የሚኖሩት እማማ ጥሩወርቅ ተቀምጠዋል። በሐጂና በእማማ ጥሩወርቅ መካከል የአንድ ሰው ቦታ ተትቷል። "ነይ ተቀመጭ" አሉኝ ሐጂ። ያቺን ክፍት ቦታ ሳያት ገባኝ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ብዙም አላስታውስም፤ የማስታውሰው ሁለት ትከሻ ግራና ቀኝ እንደያዘኝ ነው። ኋላ ላይ ሳስበው ያ የማታው ሳህን፣ ያ "ተኝ" ማለታቸው ምን እንደነበር አወቅሁት። እናት እያለኝ የምተኛበትን አንድ ሌሊት ጨምረውልኝ ነበር።

እንግዲህ ዘሐራ ማሌዥያ ስትማር ኢምራን የሚባል የትሪኒዳድ ልጅ አገኘች፤ ሙስሊም ነው፣ ጨዋ ነው፤ አግብታው አገሩ ገባች። ሴት ልጅ ወለደችና በሟች እናቷ ስም ሐሊማ አለቻት። ሐጂ ይህን የሰሙ ቀን ሱቁን ዘግተው የሐይቁን ዳር ሲዞሩ ዋሉ። ብዙም ሳይቆይ ዘሐራ "አባቴ፣ ና፤ አንድ ወር ዕረፍት አድርግ፤ ባሕሩ ዳር ተቀመጥ፤ ልጅህን ሳማት" ብላ ጠራቻቸው። ቪዛውን ኢምራን ጨረሰ። ትኬቱንም የሚገዛው እሱ ነው። የቀረው ቀን መቁረጥ ብቻ ሆነ፤ ያ ደግሞ በእኔ ላይ ወደቀ።

ሰፈሩ መቼም ለቀልድ አይሰንፍም። "ሐጂ፣ ደሴት አጥተው ነው? ክብራንና እንጦስ ምን አላቸው?" ይሏቸዋል። አንዱ የቁንዝላ ሰው "ደቅ ደሴት ድረስ በነጻ ላድርስዎ፤ ፓስፖርትም አይጠየቁም" አላቸው። ሐጂ ይስቃሉ። እኔ ግን ሥራዬን የያዝኩት በቁም ነገር ነው፤ አንድ ቀን ሱቃቸው ገብቼ ባንኮኒው ላይ ተደግፌ አስረዳኋቸው።

"ሐምሌና ነሐሴ አይሆንም፤ እዚያም ዝናብና ማዕበል ነው። ጥሩው ጊዜ በእኛ በጋ ነው። ግን በፈረንጆች ገና ሰሞን ዓለም ሁሉ ስለሚሄድ ዋጋው ይሰቀላል። ካርኒቫል ሲደርስም እንደዚያው። በመካከሉ ያለችውን ጥርን ከአሁኑ ብንይዝ ይሻላል።"

"ካርኒቫል ምንድን ነው?"

"ሰው ላባ ለብሶ መንገድ ላይ የሚጨፍርበት በዓል ነው።"

"አስተግፊሩላህ! ዘሐራም?"

"ዘሐራ ቤቷ ቁጭ ትላለች።"

ኮፍያቸው ወረደ። "ጥር መልካም ነበር። ግን በብርዱ የመምህር ፈንታ አስም ይነሣል።"

"ታዲያ እርስዎ ሐኪም ነዎት?"

"አይደለሁም። እኔ ከሐኪሙ ቀጥየ የምጠራው ነኝ።"

ጥር እንዲህ አለፈ። መምህር ፈንታ ሲሻላቸው እማማ ጥሩወርቅ በልብ ሕመም ተኙ። እማማ ሲነሡ ከወዲያ ማዶ ያለች አራስ ደም አነሳት። እኔ ቦታ እይዛለሁ፣ የክፍያው ቀነ ገደብ ያልፋል፣ ሲስተሙ ይሰርዘዋል፤ እንደገና እይዛለሁ። ቢሯችን ውስጥ ተይዞ የማይቆረጥ ትኬት ሁሉ ስሙ "የሐጂ ትኬት" ሆኖ ቀረ። አዲስ የገቡ ልጆች እንኳ ሐጂ ማን እንደሆኑ ሳያውቁ ይጠሩታል። አንድ ቀን ተናድጄ "ምን ዓይነት ወር ነው የሚፈልጉት?" ብላቸው፣ "ማንም ያልታመመበት ወር ፈልጊልኝ" አሉኝ። ኮምፒውተሬ እንዲህ ያለ ወር አያውቅም አልኳቸው።

ሐሊማ ግን አልጠበቀችም። መጀመሪያ በስልኩ ውስጥ ተኝታ ነበር የምናያት፤ ከዚያ ተቀመጠች፤ ከዚያ ስልኩን ይዛ መሮጥ ጀመረች። አያቷ የሚኖሩት ስልኩ ውስጥ ይመስላት ነበርና ብስኩቷን ቆርሳ መስታወቱ ላይ ትለጥፍላቸው ነበር። ሐጂ አፋቸውን ከፍተው ይጎርሳሉ። እንዲህ ባዩዋት ማግሥት ፊታቸው ይከፋል፤ ደረጃ ሲወጡ ጉልበታቸውን መያዝም ጀምረው ነበር። ጊዜው ሊያመልጣቸው እንደሆነ ለማንም ግልጽ ነው። ታዲያ ይህን ያህል ምን ያስፈራቸዋል?

መልሱን የነገሩኝ እማማ ጥሩወርቅ ናቸው። እማማ እግራቸው ከከዳቸው ወዲህ ከደጃቸው አይርቁም፤ ቅዳሴውን እንኳ በራቸው ላይ ተቀምጠው ከድምፅ ማጉያው ነው የሚሰሙት። አንድ እሑድ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ስለ ሐጂ ሳማርር ሰሙኝና እንዲህ አሉ፦

"ሐጂ መካ የሄዱ ጊዜ ነው። ልጄ ደሳለኝ በመተማ መንገድ መኪና ተገልብጦበት ሞተ። አንድ ጓደኛው ደወለልኝ፤ ነግረዋታል ብሎ ነው እኮ፣ ምን ያድርግ። 'እግዚአብሔር ያጽናዎት' አለኝ። እኔ ገበያ መካከል ሽንኩርት እየመረጥሁ ነበር። 'ምን አግኝቶኝ ነው የሚያጽናኝ?' አልሁት። ከዚያ ወዲያ የማስታውሰው ሰዉ ከመሬት ሽንኩርቴን ሲለቅምልኝ ነው።"

ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መልሰው ቀጠሉ።

"ሐጂ ከመካ ሲመለሱ ቤታቸው በእንግዳ ተሞልቶ ሳለ፣ እሳቸው እንግዳውን ትተው መጥተው እዚህ ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። 'እኔ ብኖር እንዲህ አይሰሙም ነበር' አሉኝ። ይኸው ከዚያ ወዲህ ከከተማ ውጭ አድረው አያውቁም። አሁንም እኔን እየጠበቁ ነው። ታዲያ ሞቼ ልገላግላቸው?"

በነጋታው ሐጂ ሱቅ ውስጥ ሆኜ አዲስ የያዝኩትን ቀን ሳሳያቸው አንድ ባጃጅ በሩ ላይ ቆመ። እማማ ጥሩወርቅ ነጠላቸውን አጣፍተው ውስጥ ተቀምጠዋል። ከቤት የወጡበት ቀን ከመራቁ የተነሣ ሐጂ ደንግጠው ተነሡ። መረብ የሚመርጡ ሁለት ዓሣ አስጋሪዎችም እጃቸውን ሰበሰቡ።

"ሐጂ! የሚጠብቁት የኔን ሞት ነው አሉ።"

"ኧረ እትየ ጥሩወርቅ፣ አላህ ያቆይዎት! ማን እንዲህ ይላል?"

"እኔ አልሁ። የልጅ ልጅዎ በመስታወት እየሳመችዎ አደገች። እርስዎ እዚህ ቁጭ ብለው የኔን ሳል ያዳምጣሉ።"

"ብሄድና አንድ ነገር ቢሆኑሳ?"

"ብሆንስ? ለማን ሊነግሩልኝ ነው? ደሳለኝ ቀድሞኛል፣ ባሌ ቀድሞኛል። ለኔ ሞት መርዶ የሚነገረው ሰው ቢኖር እርስዎ ብቻ ነዎት። የሚሰሙት እርስዎ ነዎት እንጂ የሚናገሩት አይደሉም። ይልቅ ይሂዱ፣ ልጅቱን ይሳሟት።"

ሐጂ ኮፍያቸውን ያዙት፤ ግን አላወረዱትም። "ይጠብቁኛል?" አሉ።

"ቃል አልሰጥም፣ ሥልጣኑ የኔ አይደለም። ግን እሞክራለሁ።" እማማ ለባጃጁ ልጅ ሂድ የሚል ምልክት ሰጥተው እንደገና አስቆሙት። "ደግሞ ያ ባሕር ጨው ነው ይላሉ። ያን ያህል ውኃ ጨው ይሆናል ብየ አላምንም። በጠርሙስ ያምጡልኝ፣ ልቅመሰው።"

ባጃጁ ሲሄድ ሐጂ ወደ እኔ ዞሩ። "ሰናይት፣ ቁረጭው።"

"ለመቼ?"

"ጥምቀት ሲያልፍ። ረመዳን ሳይገባ እመለሳለሁ።"

"ዋጋው ግን ትንሽ ብንጠብቅ..."

"ቁረጭው አልሁሽ እኮ!"

ሮጥኩ። ቢሮ ስደርስ "የሐጂ ትኬት ይቆረጥ!" ብዬ ጮህኩ፤ ያ ትኬት ከማተሚያው ሲወጣ ደንበኛው ሳይቀር አጨበጨበ። በሄዱበት ቀን አውሮፕላን ማረፊያ ስንሸኛቸው የእድሩን ቤት ቁልፍ ለመምህር ፈንታ ሰጡ። "ሰፈሩን አደራ" ብቻ ብለው ገቡ።

ሐሊማ በሩ ላይ ስታያቸው "ከስልኩ ወጣ!" ብላ ጮኸች አሉ። በየቀኑ እንደዋወል ነበር። ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ጠቅልለው ውኃው ውስጥ ቆመው፣ ልጅቱ ጢማቸውን ይዛ፣ እንደ ሕፃን ሲስቁ አየናቸው። "ይሄ ውኃ እንደ ጣና ቁጭ አይልም" አሉን፤ "ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ሥራ የያዘ ሰው ነው የሚመስል።" ስልኩን ለእማማ ጥሩወርቅ እወስድላቸዋለሁ፤ እማማም "ጠርሙሱን እንዳይረሱ" ይሏቸዋል። ሁለቱ እንዲያ ሲቀላለዱ ሳይ፣ ትኬት መሸጥ ደግ ሥራ ነው ብዬ አስብ ነበር።

ከዚያ አንድ ቀን ማለዳ እማማ ጥሩወርቅ ተኝተው በዚያው ቀሩ።

እኔ "እንንገራቸው፣ ትኬቱን ዛሬውኑ እቀይረዋለሁ" አልኩ። መምህር ፈንታ እስትንፋሳቸው እየተቆራረጠ ተቆጡኝ። "ሰው በእንግድነት አገር መርዶ አይሰማም። እዚያ ማን ያውቃታል? ማን አብሯቸው ያለቅሳል? ደሞስ ሴትዮዋ በባጃጅ ሱቃቸው ድረስ ሄዳ የላከቻቸው ገና ሳይጠግቡ እንዲመለሱ ነው?"  ሲመለሱ በወጉ እንድናረዳቸው ተስማማን።

በለቅሶው ዕለት ደወሉ። ድንኳኑ እንዳይታይብኝ ስልኩን ይዤ ወደ ሐይቁ ዳር ሮጥኩ፤ ከኋላዬ ውኃው ብቻ እንዲታይ አድርጌ ቆምኩና አነሳሁት።

"ሰፈሩ ደህና?"

"ደህና ነው ሐጂ።"

"እትየ ጥሩወርቅስ?"

"ደህና ናቸው። ቅዳሴ ሄደው ነው።"

ቃሉ ከአፌ እንደወጣ መልሼ ልውጠው ነበር። ከደጃቸው የማይርቁ ሴት ቅዳሴ ሄዱ! ከሁሉም ውሸት መርጬ ያመጣሁት ይህን ነው።  ከሐጂ ኋላ የባሕሩ ድምፅ ይሰማል። ኮፍያቸውን በሁለት ጣት ያዙና ወደ ግንባራቸው ሳቡት።

"ጎበዝ ናቸው" አሉ።

ከዚያ ስልኩን አዙረው ሐሊማ አሸዋ ስትቆፍር አሳዩኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስለ እማማ ጥሩወርቅ ጠይቀው አያውቁም። ለመምህር ፈንታ ብነግራቸው "አላስተዋሉም፤ ደስታ ላይ ያለ ሰው አያስተውልም" አሉኝ። ማመን ስለፈለግን አመንን። ትኬቱን ቀይሪልኝ ይሉ ይሆናል ብዬም ጠበቅኩ፤ አላሉም። ወራቸውን ሞልተው በቀናቸው ተመለሱ።

አውሮፕላን ማረፊያ የተቀበልናቸው ሁላችንም ጥርሳችንን አውጥተን ነበር፤ እንዲያ የሚስቅ ሰው አይቼ አላውቅም። ጠቁረዋል፣ ትንሽ ወፍረዋል፤ አምሮባቸው ነበር። ሰፈር ስንደርስ የእማማ ጥሩወርቅን የተዘጋ በር አልፈን ገባን፤ ቀና ብለው አላዩትም። ሻይ ጠጡ፣ ስለ ሐሊማ አወሩ፣ ከዚያ "ዛሬ ደክሞኛል፤ በጠዋት ትመጣላችሁ" ብለው አሰናበቱን። አላወቁም፣ አንድ ሌሊት ጨመርንላቸው ብለን ተደሰትን።

ጎህ ሲቀድ እኔ፣ መምህር ፈንታና አንዳንድ ጎረቤቶች በቀስታ ወደ ደጃቸው ሄድን። ልናንኳኳ ነበር፤ በሩ ክፍት ነው። የእድሩ አግዳሚ ወንበሮች ግቢው ውስጥ ተደርድረዋል። አንድ ጀሪካን ውኃና ብርጭቆዎች ተቀምጠዋል። ሐጂ ሶላታቸውን ሰግደው፣ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ አንዱ አግዳሚ መካከል ላይ ተቀምጠዋል፤ ከግራና ከቀኛቸው የሰው ቦታ ትተዋል። እግራቸው ሥር አንድ ጠርሙስ ውኃ አለ።

"ተቀመጡ" አሉን።

ተቀመጥን።  ሐጂ አንድ በአንድ አዩንና "በሉ ንገሩኝ" አሉ። መምህር ፈንታ እንደ ወጉ ከሩቅ ጀምረው፣ ሁላችን ሟች መሆናችንን አውስተው፣ ቀስ ብለው የእማማ ጥሩወርቅን ስም ጠሩ። ሐጂ አውቃለሁ አላሉም። ያን ጊዜ ገና እንደሰሙ ሰው ጮኸው አለቀሱ፤ እኛም እማማ ገና ያን ዕለት እንዳረፉ ሆነን አለቀስን።

በኋላ ሐጂ ጠርሙሱን ይዘው፣ የእማማ ጥሩወርቅ መቃብር ድረስ አብረን ሄድን። ቆመው ቆዩና ክዳኑን ከፈቱ፤ ጣታቸውን ነክረው ቀመሱት። "እትየ ጥሩወርቅ፣ ሰዎቹ እውነታቸውን ነው" አሉ። "ጨው ነው።"

ስንመለስ ለምን እንዳልጠየቁኝ፣ ለምን ቀናቸውን እንዳልቆረጡ ጠየቅኳቸው።

"ይሂዱ ብለው የላኩኝን ወር ቆርጨ ብመለስ ስጦታቸውን መመለስ ነው" አሉኝ። "ብጠይቅሽ ደግሞ በስልክ ትነግሪኛለሽ፤ አንች እዚህ ቆመሽ፣ እኔ እዚያ ቆሜ። ልታረዱኝ አስባችኋል፤ እኔ ላበላሽባችሁ?"

በዓመቱ፣ ለሁለተኛ ጊዜ ቀን እንድፈልግላቸው ራሳቸው ቢሮ ድረስ መጡ። የታመመ ሰው ስም አላነሡም። "ማንም ያልታመመበት ወር የለም ልጄ፤ ሰው እየታመመም ይኬዳል። ጥርን ያዥልኝ" አሉ። ያዝኩላቸው። ብርዱ ሲገባ ጉንፋን ነው ሲሉ ሰነበቱ፤ ለዘሐራም ጉንፋን ነው አሏት። የዚያን ወር በሽተኛ እሳቸው ሆኑ፤ ትኬቱ ሳይቆረጥ ቀረ።

እንግዲህ ሐጂ ባረፉበት በዚያ ዕለት ጀናዛቸው ወደ መስጊድ ሲወጣ እኔ ስልኬን ይዤ ከሴቶቹ መካከል ተነሣሁ፤ የዚያን ጊዜ የዋሸሁበት የሐይቅ ዳር ሄጄ ቆምኩ። ሐሳቤ የተደራጀ ነበር። መጀመሪያ ኢምራንን አገኘዋለሁ፤ ለሱብሒ ስለሚነሣ ነቅቷል። ጎረቤት ይጠራል፣ ወንበር ያዘጋጃል፣ ውኃ ያቀርባል፤ ዘሐራ ስትነቃ ሰው ከብቧት እነግራታለሁ። በሐጂ ሥርዓት፣ አንድም ሳይጎድል።

ኢምራን ስልኩ ገና አንዴ ሲጠራ አነሣው። በምንግባባበት እንግሊዝኛ ሰላምታ ስጀምር ቃሌን አላስጨረሰኝም።

"አልተኛችም" አለኝ። "ማታ የአባቷ ጥሪ ሲቀር ዝም ብላ ተነሥታ ወንበሮቹን ወደ በረንዳው አወጣች። እኔ ልደውል ስል ከለከለችኝ። 'ብዙ ሥራ አለባቸው፤ ሲነጋ ይደውላሉ' አለችኝ።"

እኔ ለዘሐራ አንድ ሌሊት የጨመርኩላት መስሎኝ ነበር። ሌሊቱን ለእኛ የሰጠችን እሷ ናት። ስንት ጊዜ እጇ ወደ ስልኩ ሄዶ እንደተመለሰ አላህ ይወቀው።

ኢምራን ስልኩን ይዞ ወደ በረንዳው ወጣ። ሰማዩ ቀላ ማለት ጀምሯል። ሁለት አሮጊት ጎረቤቶች ሻሻቸውን አስረው ተቀምጠዋል፤ ሐሊማ አንዱ ወንበር ላይ ተጠቅልላ ተኝታለች። ዘሐራ በሁለቱ አሮጊቶች መካከል፣ ጥቁር ሻርፕ ለብሳ፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ከአባቷ የወረሰችውን ያንን ጉንጭ፣ ያንን ዓይን አየሁት።

"ነጋ፣ ሰናይት" አለችኝ። "ተቀምጫለሁ። ንገሪኝ።"

እኔም እንደማታውቅ አድርጌ ነገርኳት።